ስምንቱ ነፋሶች

ማክሰኞ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ የሥዕል መምህርቷ ወንበሯ ላይ ለመቀመጥ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ ተነሣች። መጀመሪያ የአንዱ ልጅ ጆሮ ውስጥ ሙጫ ገባ። ገባ ይባል እንጂ ሙጫ በገዛ እግሩ ሄዶ ጆሮ ውስጥ አይገባም፤ ማን እንደጨመረበት ሲጠየቅ ግን ሃምሳ አራት ልጅ አፉን ሞልቶ «አላየሁም!» አለ። ቀጥሎ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መቀስ ተናነቁ። ሦስተኛው ምን እንደነበረ እሷም አታስታውሰውም። ብቻ ስትነሣ ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ የፊት ረድፍ ልጆችም ሰምተው ሳቁ።

«ቲቸር፣ ጉልበት ይጮኻል እንዴ?» አለች አንዷ።

«ሲያረጅ ይጮኻል። አንቺ ዝም ብለሽ ቁረጪ።»

ልጆቹ ቲቸር ቀለሟ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የዛሬዎቹ አይደሉም፤ እነዚያ አድገው፣ ወልደው፣ አንዳንዶቹም ልጆቻቸውን እዚሁ አስገብተዋል። ጣቷ ላይ ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው እንዲህ ያሏት። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ እግሯን ከጠየቅነው ግን ከዚያ በላይ ይነግረናል።

ትምህርቱ «ዓለም በእጃችን» ይባላል። በአሥራ ሁለት ሳምንት አሥራ ሁለት ሕዝብ ይታያል። አንድ ሳምንት የጃፓኖቹ ወረቀት ይታጠፋል፣ አንድ ሳምንት ከካርቶን ጭምብል ይሠራል፣ አንድ ሳምንት በጠጠርና በብርጭቆ ስባሪ የወለል ጌጥ ይለጠፋል። ልጆቹ የየሀገሩን ሰው በእጃቸው ሠርተው እንዲያውቁት ነው። ሐሳቡ የራሷ ነው፤ ያለ አዛዥ ጀምራው ያለ ረዳት ያቆየችው ነው። ዓለምን በየዓመቱ በመቀስ ትዞራለች፤ ራሷ ግን አንድም ቀን ባሕር አይታ አታውቅም።

ዘንድሮ የትምህርት ቢሮው ይህን ሥራዋን በመጽሐፍ አሳትሞ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊያከፋፍል ተነሣ። መጽሐፉ ሲወጣ እሷም ከክፍል ወጥታ የመምህራን አሠልጣኝ ልትሆን ተስማምተዋል። የምትሠራበትን ክፍል ሄዳ አይታዋለች። ዓይኗ የገባው ጠረጴዛው አይደለም፣ ከመስኮቱ የሚታየው ዛፍም አይደለም፤ ወንበሩ ነው። ጀርባው ከፍ ያለ፣ የክንድ መደገፊያ ያለው፣ የሚሽከረከር። ሰው ሳያያት አንዴ ቁጭ ብላበት ተነሥታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «አሠልጣኝ» የሚለውን ማዕረግ ሰው ሲጠራላት እሷ የምታየው ያንን ወንበር ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ስልኳ ጮኸ። የመጽሐፉ አራሚ ናት።

«እንደምን ዋሉ መምህርት? ጨርሼዋለሁ እኮ! እንዴት ያለ ደስ የሚል ሥራ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ለአሥራ አንዱ ሕዝብ ምንጭ ጽፈዋል፤ ከየትኛው መጽሐፍ፣ ከስንተኛው ገጽ እንደወሰዱት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ለደሴቶቹ ሰዎች ግን ቦታው ባዶ ነው። ረስተውት ይሆን?»

«ረስቼው ይሆናል» አለች ቲቸር ቀለሟ። ዓይኗ ግን ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ።

«ለሐሙስ ያድርሱልኝ። ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ያለቀለት ሰው አንድ ሐሙስ ቀረው ይባላል። የእሷ ግን የምር ሐሙስ ነበር፤ ከነገ ወዲያ።

ገጽ ዘጠኝ፣ በሩቅ ባሕር መሃል ስላሉ ደሴቶች ሰዎች የሚናገረው፣ «ስምንቱ ነፋሶች» ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው። አራት ማዕዘን ወረቀት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፣ ጠርዙ በመቀስ ይዞራል፣ ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል፣ መሃሉ ላይም አንዲት ቋጠሮ የምትመስል ክብ ትቀራለች። ልጆቹ ወረቀቱን ሲዘረጉ እሷ እንዲህ ትላለች፦ «የደሴቶቹ ሰዎች ስምንት ነፋስ አላቸው። ለእያንዳንዱ ነፋስ አንድ ቅጠል። መሃል ያለችው ቋጠሮ ቤት ናት። ነፋሱ ከየትም ይምጣ፣ ከደሴቶቹ ሰዎች ቋጠሮዋን በመቀስ የሚነካ የለም።» እዚህ ላይ ሲደርስ ሙጫ በጆሮ የሚጨምረው ሳይቀር ትንፋሹን ይውጣል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ብላለች።

ቁም ሳጥኑን ከፍታ አሮጌውን መጽሐፍ አወጣች። አሥራ ሁለቱን ሕዝብ የቀዳችው ከሱ ነው። ገልጣ ገልጣ ደሴቶቹ ጋ ስትደርስ ያው እንደምታውቀው ሆነ፤ ርእሱ አለ፣ ከርእሱ በታች ያለው ወረቀት የለም። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣራው አፍስሶ መጽሐፉ ርሶ ነበር። ሁለት ገጾች ተጣብቀው ስትለያያቸው እጇ ላይ ተቦክተው ቀሩ። ሰው ዕቃ ሲጠፋበት ውሃ በላው ይላል፤ ይህን ገጽ ግን እውነትም ውሃ ነው የበላው።

ያን ዕለት ሃምሳ ልጅ መቀሱን ወደ ላይ ይዞ ይጠብቃት ነበር። «ዛሬ የደሴቶቹን ሰዎች እንሠራለን» ብላ ሰሌዳ ላይ ጽፋለች። ያኔ ልጆች ፊት ቆሞ አላውቅም ማለት የሞት ያህል ይከብዳት ነበር። ጠመኔ አነሣች፣ እጇም የመጣለትን ሣለ። ስምንት ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ቋጠሮ። «ለምን ስምንት ሆነ?» አለች አንዲት ነገር ወዳድ ልጅ፤ ያቺ ልጅ ባትጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። «በነፋሱ ነው» አለች መምህርቷ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ፤ ቤቱም፣ ቋጠሮዋም፣ አትነካ መባሏም።

ኋላ ረሳችው ብንል ይቀለን ነበር። አልረሳችውም። ከራሷ ደብቃው ነበር፤ እጇ ሥዕሉን ከየት እንዳመጣው ግን የእውነት አታውቅም።

መምህራን ማረፊያ ክፍል የጂኦግራፊ መምህሩ ብቻውን ደብተር ያርማል። እሱም የእሷው ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ክራቫት አስሮ ከጎኗ ቢቀመጥም ስትጠራው አሁንም ብድግ ይላል።

«እስቲ በዚህ ስልክህ የደሴቶቹን ሰዎች ፈልግልኝ» አለችው። «የእጅ ሥራቸውን።»

«ስምንቱን ነፋሶች?» ፊቱ በራ። «ቲቸር፣ እሱን እኮ እኔም አስተምረዋለሁ! ስለ ደሴት አየር ጠባይ ሳነሣ ሁሌ በሱ ነው የምጀምረው።»

«ምን አልክ?»

«ፈተና ላይ ሁሉ አውጥቼዋለሁ። 'የደሴቶቹ ሰዎች ስንት ነፋስ አላቸው?' ሀ ስድስት፣ ለ ስምንት...»

ቲቸር ቀለሟ ግንባሯን በእጇ ያዘች። እሱ የሚያወራውን ሳያቆም ስልኩን ነካካ፣ ጎተተ፣ አሰፋ። ስልኩን ወደ እሷ አዞረው። ሴቶች ተቀምጠው ከቅጠል ምንጣፍ ይሠራሉ። ምንጣፉ ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አንዳንዴም መስመሩ ተሰብሮ ጎን ለጎን ይሄዳል። አበባ የለውም። ክብ የሚባል ነገር የለውም።

«አንድ ሌላ አያለሁ» አለና ሌላም አየ፣ ሌላም። ሁሉም መስመር ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ የኛው ከየት መጣ?»

«አላውቅም።»

ወደ እሷ ዞሮ ፊቷን አነበበ። ልጅ ሆኖ እርሳስ ሲጠፋበት ታጽናናው የነበረችውን ሴት አሁን እሱ ሊያጽናና ተራው ደረሰ፤ አልቻለበትም። «ቢሆንስ ምን ይመጣል? ማን ደሴት ድረስ ሄዶ ያያል? ዝም በይው፤ መጽሐፉ ይውጣ፣ ሹመቱን ተቀበይ፣ እረፊ። አሁን መቆም የሚገባሽ ነሽ?»

የኋለኛው ቃል ከፊተኛው ይልቅ ገባት።

ወደ ቤት ስትሄድ ጋራዡ ጋ መካኒኩ ከመኪና ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ ጠራት። በየቀኑ ነው የሚጠራት። እሱም አራተኛ ክፍል እሷ ጋ ነበር፤ አምስተኛን ግን አላለፈም።

«ቲቸር ቀለሟ! ነይ እይ፣ አደስኩት!» ክንዱን በጨርቅ ወለወለ። በዘይቱ ሥር ንቅሳት አለ፤ ስምንት ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ቋጠሮ። ድሮም ነበረው፤ ቀለሙ ደብዝዞ አሁን አስደምቆታል። «ከትምህርት ቤት የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ጊዜ፣ ሥራም ያጣሁ ጊዜ፣ በቃ ሁሉም ነፋስ ባንዴ የመጣብኝ ጊዜ ይሄን አይ ነበር። ቋጠሮዋን አላስነካኋትም። ይኸው ልጆቼ ከኔው ጋር ናቸው።»

«እሰይ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ውሸቷ ሥጋ ለብሶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እያመሰገናት ፊቷ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ግን ለመዋጥ እንኳ ደክሟት ነበር።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየው ሰባዋን አልፋለች፤ እሷ እታለም ትላታለች፣ ሰፈሩም የመዝገብ ስሟን ትቶ እታለም ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሆቴል ቤት ልብስ ስትተኩስ ኖራ ወገቧ ከዳትና አልጋዋ መስኮቱ ሥር ተዘረጋ። አልጋ ላይ ሆና ቤቱን ታዛለች፣ መንገደኛውን ታማለች፣ ራዲዮኑን ትመልስበታለች። ዜና አንባቢው እሷን ሳያስፈቅድ ያነበበው ነገር የለም።

ቲቸር ቀለሟ ቦርሳዋን አልጋው ጫፍ ላይ ጣለች፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበች፣ እግሯን ነከረችና ዓይኗን ጨፈነች። እታለም መነጽሯን አድርጋ ከቦርሳው የወጣውን የመጽሐፍ ረቂቅ ትገልጥ ጀመር።

«ይሄ ጭምብል ያ የላይ ቤቱን ሽማግሌ ይመስላል» አለች። ገለጠች። «ይሄ ደህና ነው።» ገለጠች። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች። ከዚያ፦ «አንቺ! የኔ የራዲዮ ልብስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የምን የራዲዮ ልብስ?»

«የራዲዮ ልብስ ነዋ! ዳንቴሌ! እናታችን ቤት የነበረው ራዲዮ ላይ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ በኪሮሽ የሠራሁት።» ገጽ ዘጠኝን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ይኸው ቅጠሉ፣ ይኸው ቋጠሮው። የሰው እጅ የገዛ ሥራውን ያጣዋል?»

ቲቸር ቀለሟ ዓይኗን ገለጠች። ያን ጊዜ ትዝ አላት። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ራዲዮው ካለበት ጠረጴዛ ሥር ነበር፤ ሒሳቡ ሲከብዳት ቀና ብላ የምታየው ያንን ነጭ ዳንቴል ነበር። ስንት ዓመት አየችው? እጇስ እንዴት ይረሳዋል?

«እታለም፣ ስምንት ያደረግሽው ለምንድን ነው?»

«ክር አልቆብኝ ነው። አሥር ነበር ሐሳቤ።»

«መሃል ያለው ቋጠሮስ?»

«ክሩ የተበጠሰበት ነው። የበጠስሽውም አንቺ ነሽ፤ እየዳሽ መጥተሽ ጎተትሽው። ቋጥሬ ቀጠልኩ፣ ምን ላድርግ? መግረፍስ ገርፌሻለሁ።» አነበበች፤ ከንፈሯ ፊደሉን እየተከተለ። «'የደሴቶቹ ሰዎች ስምንት ነፋስ አላቸው።' የምን ነፋስ? የትኞቹ ደሴቶች?»

ነገረቻት። የራሰውን መጽሐፍ፣ የሚጠብቁትን ልጆች፣ ጠመኔውን። የጂኦግራፊውን ፈተና ስትነግራት እታለም ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ስትስቅ የሚያማት ወገብ ነው፣ እያመማትም አላቆመችም። መካኒኩ ጋ ሲደርስ ግን ሳቋን ገታች።

«ስንት ልጅ ይሆናል የቆረጠው?»

«ሦስት ሺህ ገደማ።»

«ሦስት ሺህ ሰው የኔን ዳንቴል ሠርቷል» አለች እታለም ለራሷ። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። «ጉድ እኮ ነው። ለማላውቃቸው ለደሴቶቹ ሰዎች ሰጠሽብኝ በይኛ።»

ይህን ያለችው እየቀለደች ነው። ታናሽየው ግን ቀልዱን እንደ ቀልድ ማለፍ አቃታት። ያን ሌሊት ሳይሆን እዚያው፣ እግሯ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ነገሩ በሁለት በኩል ወጋት። የደሴቶቹን ሴቶች ምንጣፍ በእህቷ ዳንቴል ሸፍና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዳያየው አድርጋለች። እህቷን ደግሞ በደሴቶቹ ሴቶች ሸፍናለች። አንዷንም ልትበድል ሳታስብ ሁለቱን ባንድ መቀስ በደለች።

ረቡዕ ጠዋት አራሚዋ ደወለች። ቲቸር ቀለሟ ገጹ የተሳሳተ መሆኑን ነገረቻት፤ ከየት እንደመጣ ግን ገና አልነገረቻትም።

አራሚዋ ደግ ሴት ናት፤ ነገሩን ያከበደው ይኸው ደግነቷ ነው። «ምን መሰለዎት መምህርት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኮሚቴው ያጸደቀው አሥራ ሁለት ሕዝብ ብሎ ነው። አንድ ገጽ ከወጣ ሙሉው እንደገና ይመለሳል፤ የሚመለስ ነገር ደግሞ መቼ እንደሚወጣ ያውቁታል። የአሠልጣኝነቱም ቦታ ከመጽሐፉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያለ መጽሐፉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ለምን 'ከቃል የተገኘ' ብለን አንጽፈውም? ከቃል ለተገኘ ማንም ገጽ አይጠይቅም።»

ከቃል የተገኘ። ውሸት እንኳ አልነበረም። ከራሷ ቃል ነው የተገኘው።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ» አለች። «አስተምሬ እደውላለሁ።»

ሲደክምህ ትንሿ ውሸት ወንበር ትመስልሃለች። ቲቸር ቀለሟ ወደ ክፍል ስትገባ «ከቃል የተገኘ» ልትል ሦስት አራተኛ ያህል ወስና ነበር፤ ይህን ደብቀን ጀግና ብንላት እሷም አትወድልንም።

ዕለቱ ደግሞ የዘጠነኛው ሳምንት ዕለት ነው። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ያውቃሉ፤ ገና ሳትናገር «ስምንቱ ነፋሶች! ስምንቱ ነፋሶች!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ወረቀቱን አነሣች። አንዴ አጠፈች፣ ሁለት፣ ሦስት። መቀሱን አስገባች። አፏም የለመደውን ሊጀምር «የደሴቶቹ ሰዎች...» አለ።

«ቲቸር» አለች ከፊት ረድፍ ትናንት ስለ ጉልበቷ የጠየቀችው ልጅ። «ቋጠሮዋ ብትቆረጥ ምን ይሆናል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም። ለዚህ የሚሆን ሌላ ውሸት መፍጠር ነበረባት፤ ቤት ይፈርሳል፣ ባሕር ይቆጣል፣ የሆነ ነገር። ፈለገች። አልመጣላትም። እንዲያው ለመዋሸትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ አልቆባት ነበር።

«ምንም አይሆንም» አለች። «ቋጠሮዋ ክር የተበጠሰበት ቦታ ናት።»

ከዚያ ነገረቻቸው፤ እንደቆመች፣ ሳታሳምር። መጽሐፉን ውሃ እንደበላው፣ አላውቅም ለማለት እንዳፈረች፣ ሥዕሉ የእህቷ የራዲዮ ልብስ እንደሆነ፣ ስምንት የሆነውም ክር ስላለቀ እንደሆነ። ከጂኦግራፊ መምህሩ ስልክ ያየችውን የምንጣፍ መስመር ሰሌዳው ላይ ሣለችላቸው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር። «የደሴቶቹ ሰዎች ሥራ ይሄ ነው። መስመሩ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም» አለች። ጨርሳ ጠበቀች። የሆነ ነገር ይፈርሳል ብላ ነበር።

«የደሴቶቹ ሰዎች ያውቃሉ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምኑን?»

«እንደዋሸሽባቸው።»

«አያውቁም።»

«እንኳን አላወቁ!» አለ ሌላው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ የትኛውን እንሥራ?» «የቲቸርን እህት!» «አይ፣ መስመሩን!» «ሁለቱንም!» ሁለቱንም ሠሩ። ጥቁር ወረቀት አለቀ፣ አንዱ የጓደኛውን ጫማ ማሰሪያ እንደ ክር ቆረጠው፣ ሙጫው ዛሬ ደግሞ ፀጉር ውስጥ ተገኘ። ቲቸር ቀለሟ አንድም ጊዜ አልተቀመጠችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረችበት ክፍል ነው፤ አላውቅም ያለችበት የመጀመሪያው ቀን ግን ዛሬ ነው።

ደውሉ እንደተደወለ ለአራሚዋ ደወለችላት።

«ምንጩን ይጻፉልኝ» አለች። «እህቴ ናት። ሥራዋ የሆቴል ልብስ ተኳሽ። ከዳንቴሏ ላይ የተወሰደ። የደሴቶቹ ሰዎች የለበትም።»

«ይሄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል አይደል?»

«ወንበሩ ቀረ።»

«ምን አሉኝ?»

«አውቀዋለሁ ነው ያልኩት።»

አራሚዋ ተነፈሰች። «እንግዲያው ገጹ ይወጣል፣ መጽሐፉም ይመለሳል። ለምን እንደተመለሰ ፋይሉ ውስጥ መግለጫ ማስቀመጥ አለብኝ። የእህትዎን ስም በመልእክት ይላኩልኝ፣ እንዳልሳሳት።»

ላከችላት። መምህራን ማረፊያ ክፍል የጂኦግራፊ መምህሩ ሁሉን ሰማና ራሱን ነቀነቀ፤ «ፈተናውንስ ምን ላድርገው?» ብቻ አለ።

ቤት ስትደርስ ሳፋውን አቀረበች፣ እግሯን ነከረች፣ ለእታለምም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ስትናገር፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ትንሽ ደስታ ነበረባት። ለእህቷ ስጦታ ይዛ የመጣች መስሏት ነበር። ስምሽን አስጻፍኩ፣ ሥራሽን መለስኩልሽ፣ ልትላት ነው።

እታለም አልሳቀችም። ራዲዮኑን ዘጋች፤ ቀን ራዲዮ ስትዘጋ ታይታ አታውቅም።

«ማን ጠየቀሽ?» አለች።

«እታለም...»

«ማን ጠየቀሽ ነው የምልሽ! እኔ ቀልዴን ነው። ይውሰዱታ የደሴቶቹ ሰዎች! እኔ ምን አደርገዋለሁ? አሮጌ የራዲዮ ልብስ!» ብርድ ልብሱን ገፋች። «አንቺ ትምህርት ቤት እንድትቀመጪ ብዬ እኮ ነው እኔ ካውያ ፊት የቆምኩት። ሠላሳ ዓመት! በእንፋሎት ተቀቅዬ፣ ወገቤ እስኪሰበር። አንዳችን እንኳ ብንቀመጥ ብዬ። ቀን ሙሉ እዚህ ተጋድሜ የማስበው ምን መሰለሽ? ያቺን ወንበር ነው። 'ይኼኔ ተቀምጣለች' እላለሁ ብዬ። በኔ ስም ከምትቆሚ በነሱ ስም ብትቀመጪ ምን ነበረበት?»

ቲቸር ቀለሟ ስለ ወንበሩ አንዴ ብቻ ነው የነገረቻት፤ እህቷ ከራሷ በላይ ስትመኘው መክረሟን አላወቀችም። ነገ ሃምሳ አራት ልጅ፣ ከነገ ወዲያም ሃምሳ አራት ልጅ፤ ጡረታ እስኪደርስ እንዲሁ። ለሁለት የምትደክም መሆኗ ዛሬ ገና ገባት። ውሃው እየቀዘቀዘ እግሯን ታያለች፤ እታለምም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መንገደኛውን ሳታማ ታያለች።

«ፋይሉ ላይ» አለች በመጨረሻ እታለም ሳትዞር፣ «ስሜን በየትኛው ጸ ነው የጻፍሽው?»

«እ?»

«በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?»

ቲቸር ቀለሟ አሰበች። «በጸሎቱ መሰለኝ።»

«ስህተት ነው። የኔ በፀሐዩ ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ መምህሬ ሰሌዳ ላይ የጻፈልኝ በፀሐዩ ነው።» ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አገጯ ግን ቤቱን እንደምታዝበት ጊዜ ቀና ብሏል። «ደውለሽ አስተካክይ።»

«እታለም፣ ፋይል ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ነገር ነው እኮ። ማንም አያየውም።»

«አይይ። በፀሐዩ ይሁን።»

«እሺ፣ ነገ እደውላለሁ። አሁን ደክሞኛል።»

እታለም የግድግዳውን ሰዓት አየች። ቢሮ እስኪዘጋ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል።

«ተነሺ» አለቻት። «አሁን ደውይ።»

ቲቸር ቀለሟ እግሯን ከሳፋው አወጣች፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወለሉን በውሃ እያራሰች ስልኳን ልታመጣ ሄደች።